«አየሁት፣ አሪፍ ነው፣ በርታ!»

«የሠራኸውን ዌብሳይት ሊንኩን ላክልኝ» ስትሉት ሎካልሆስት የሚል አድራሻ የሚልክ ልጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እስካሁን ካላጋጠማችሁ አይዟችሁ፣ ያጋጥማችኋል። ልጁ ገጹን ላፕቶፑ ላይ ሠርቷል፣ እዚያው ሲከፈት አይቷል፣ ዓለም ሁሉ የሚያየው መስሎታል። ያ አድራሻ ግን ማንም ይንካው ማን «እዚሁ ያለህበት መሣሪያ ውስጥ ፈልግ» ነው የሚለው። እናንተ ስትነኩት ስልካችሁ ራሱን ይፈትሻል፣ ምንም አያገኝም፣ ነጭ ገጽ ይዘረጋላችኋል። ከዚያ በኋላ የምንመልሰው መልስ ነው የሚገርመው። ብዙዎቻችን ነጩን ገጽ ትክ ብለን አይተን እንዲህ ብለን እንጽፋለን፦ «አየሁት፣ አሪፍ ነው፣ በርታ!»

ክፋት የለበትም፣ ይሉኝታ ነው። የሰው ልጅ ደክሞ የሠራውን ማጣጣል ነውር ነው ተብለን አድገናል። ችግሩ ልጁ ያንኑ ሊንክ ለሃያ ሰው ልኮ ከሃያውም «በርታ» ተብሎ በማግስቱ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ለማቅረብ፣ ዲፌንስ ለሚሉት፣ መምህራን ፊት መቆሙ ነው።

ይህን ጨዋታ ወደ አምቦ የማመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፋችሁ አምቦ ስትገቡ፣ ብዙ ሰው የሚያስበው እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጠውን ውሃ ነው። ከተማዋ ግን የተማሪ ከተማ ናት። አምቦ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1947 በእርሻ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ እዚህ የደረሰ ነው፤ ዛሬ በሃጫሉ ሁንዴሳ ስም የሚጠራ ካምፓስ አለው፣ ጉደር ላይና ወሊሶ ላይም ካምፓሶች አሉት። በሀገራችን ኮምፒውተር የሚያጠና ተማሪ ደግሞ የትም ይማር የት የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በዌብ የሚሠራ የሆነ ነገር ማስተዳደሪያ ሥርዓት። የሆቴል፣ የክሊኒክ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የክሊራንስ። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀመረ። ከቤቱ ሆኖ የዌብ ፕሮግራሚንግ መሠረታዊውን ትምህርት ጨርሶ ሰርተፍኬት የሚያወጣ ወጣት በየከተማው ሞልቷል፤ ጌዶም ባኮም አለ። ሰርተፍኬት ሰጪ አላጣንም። የጎደለን የልጁን ገጽ ከፍቶ፣ ነካክቶ፣ «እዚህ ጋ ጠፋሁ» የሚለው ሰው ነው።

እስቲ አንድ ገጽ በሐሳብ እንክፈት። አንዲት የአምቦ ተማሪ ወንጪን ለሚጎበኙ ሰዎች ማረፊያ የሚያስይዝ ዌብሳይት ሠራች እንበል። ጥሩ ርዕስ መርጣለች። ወንጪ ከአምቦ በስተደቡብ ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል፣ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ለምቶ እንግዳው በዝቷል። ገጿን ላከችላችሁ፤ ሎካልሆስት አይደለም፣ በእውነት ይከፈታል። ምን ትሏታላችሁ?

አብዛኛው ሰው ስለ ቀለም ይናገራል። «አረንጓዴው በዛ»፣ «ሰማያዊ ብታደርጊው»። እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የቀለደበት ነገር ነው፦ ኮሚቴ ተሰብስቦ የአቶሚክ ኃይል ማመንጫውን በጥቂት ደቂቃ ያጸድቅና ስለ ብስክሌት ማቆሚያው ጣሪያ ሲከራከር ይውላል። ማመንጫው ስለማይገባው ዝም ይላል፤ ጣሪያ ግን ሁሉም ያውቃል። ቀለምም እንደዚያው ነው፤ ዓይን ያለው ሁሉ አስተያየት አለው። ጽሑፉ ከጀርባው ተለይቶ እስከተነበበ ድረስ ቀለሙን ለእሷ ተዉላት።

ሌላው አስተያየት ሰጪ ደግሞ አንድ ዓመት ቀድሟት የተመረቀው ነው፤ እሱ የሚነቅፈው የሠራችበትን የፕሮግራም መሣሪያ ነው። «ለምን በሪአክት አልሠራሽውም? ፒኤችፒ እኮ ሞቷል።» ይህን የሚል ሰው ገጹን ጭራሽ አልከፈተውም ብትሉ አትሳሳቱም። ከዓለም ዌብሳይቶች ከአሥሩ አራቱን የሚያህለው የሚሠራበት ዎርድፕሬስ በፒኤችፒ የተጻፈ ነው፤ ሬሳ ይህን ያህል ከሠራ ይበል የሚያሰኝ ነው። ጀማሪ የያዘውን ጥሎ አዲስ እንዲጀምር መምከር እርዳታ ሊባል አይችልም።

እርዳታውማ በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ያደረጋችሁትንና የገጠማችሁን መንገር። «ገጹ አይመችም» ካላችኋት ምን ታርምበታለች? «በስልኬ ከፍቼ የክፍሉን ዋጋ ፈለግኩ፣ እስከ ታች ወረድኩ፣ አላገኘሁም» ብትሏት ግን ማታውኑ ታርመዋለች። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ወይ ያስከፋታል፣ ወይ ያከራክራታል። ሁለተኛው ምስክርነት ስለሆነ ማንም አይከራከረውም፤ አላገኘሁም ካላችሁ አላገኛችሁም። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ያለኝ አስተያየት በሙሉ ይኸው ነው፤ ዳኛ አትሁኑ፣ ምስክር ሁኑ። ግምገማ የሚባለውን ስብሰባ የሚያውቅ ትውልድ «ድክመትህን እንነግርሃለን» ሲባል ጆሮውን የሚደፍነው በከንቱ አይደለም። እዚያ የሚመዘነው ሰውየው ነበር። እዚህ የሚታየው ቁልፍ ተነካ ወይስ አልተነካ የሚለው ብቻ ነው።

አሁን ገጹን በምስክር ዓይን እንየው። የሐይቁ ፎቶ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ሥዕል ምልክት አለ። እሷ ጋ ይታያል፣ እናንተ ጋ አይታይም። ለምን ቢባል የፎቶውን አድራሻ የጻፈችው ከራሷ ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ወይም ፋይሉ በትልቅ ፊደል ተሰይሞ ኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጠርቷል። ዊንዶውስ ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ገጹ የተጫነበት ሰርቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊነክስ ስለሆነ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። «ፎቶው እኔ ጋ አይታይም» የምትል አጭር መልእክት የአንድ ሳምንት ግራ መጋባት ታድናለች። ፎቶው ሲታይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ ፎቶ አራትና አምስት ሜጋባይት ነው፤ አሥሩን ከደረደረችው አንድ ሰው ወንጪን ገና ሳያይ የዕለት ፓኬጁ ሊያልቅ ይችላል። ሁለት መቶ ኪሎባይት አድርጎ ማሳነስ ይቻላል፣ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም።

ደግሞ ወደ ታች ውረዱ። ገጹ ከተዘጋጀ ቴምፕሌት ስለተነሣ የስልክ ቁጥሩ የኒው ዮርክ ነው፣ ምስክርነት የሰጡት ደንበኞች ወንጪን በካርታም ያላዩ ፈረንጆች ናቸው፣ መሐል ላይ ሎሬም ኢፕሱም የሚል ጽሑፍ ተዘርግቷል። ይህ ትርጉም አልባ ላቲን የተቆራረጠው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ከጻፈው የፍልስፍና መጽሐፍ ነው። ሲሴሮ ወንጪ ድረስ መምጣቱ ደስ ይላል፤ ግን ቁርስ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን አይነግረንም።

የአማርኛው ገጽ ላይ የምታዩት የተመሰቃቀለ ምልክት ከሆነ ጽሑፉ ከድሮ የቢሮ ሰነድ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስደው በላዩ የግዕዝ መልክ ያለብሱት ነበር፣ በዚያ መንገድ የተጻፉ ደብዳቤዎችም ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ልብሱ የሌለው ኮምፒውተር ራቁቱን ላቲን ያሳያል። መድኃኒቱ እንደገና በዩኒኮድ መጻፍ ነው። ፊደላችን ከላቲኑ ሞላ ያለ ስለሆነም በመስመርና በመስመር መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፤ ቴምፕሌቱ ለእንግሊዝኛ በተሰፋበት ልክ ከተተወ ገጹ የተጨናነቀ ሚኒባስ ይመስላል።

አሁን ወደ ወፍራሙ ጉዳይ ልግባ፤ ሰዓትና ቀን። ገጹ «መግቢያ ሰዓት 8:00» ይላል። የጊንጪ ሰው ከምሳ በኋላ መሆኑን ያውቃል። የጀርመን ቱሪስት ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ ክፍሉ አልተጸዳም፣ የቤቱ ባለቤት እንቅልፍ ላይ ናቸው። በአማርኛውና በአፋን ኦሮሞው ገጽ «ከቀኑ 8 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛው ገጽ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሁለት ብሎ መጻፍ ነው እንጂ አንዱን ቁጥር ለሁሉም መለጠፍ አያዋጣም። ቀን መምረጫውም እንዲሁ ነው። ብራውዘሩ የሚያወጣው የፈረንጁን ካላንደር ነው፤ ለዘመን መለወጫ ወንጪ ማደር የሚፈልግ ሰው መስከረም 1ን ፈልጎ ሴፕቴምበር 1 ሲይዝ፣ እንግዳው በሌለበት ክፍሉ ተይዞ ያድራል። አንዳንዱ ተማሪ የራሱን የወር ዝርዝር ይሠራና አሥራ ሁለት ወር ይደረድራል። ጳጉሜን የት ሄደች? ይህን ስሕተት የሚያይ የውጭ አገር ኮርስ አራሚ የለም። እዚህ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚያየው፤ እናንተ ካልነገራችኋት ማንም አይነግራትም።

ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለ፣ ካልሞላችሁት አያሳልፍም። ኦቦ እገሌ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ስማቸውና የአባታቸው ስም፣ ካስፈለገም የአያታቸው ነው ያላቸው። ስልክ ቁጥር ሲያስገቡም ቁጥሩ በ09 ካልጀመረ ገጹ «የተሳሳተ ቁጥር» ይላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራውን ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይዞ መጥቷል፤ ኮዱ የተገለበጠው ከዚያ በፊት ከተጻፈ ትምህርት ይሆናል። ደንበኛ እዚያች ቀይ ጽሑፍ ላይ ተመልሶ ይሄዳል፣ ለምን እንደሄደ ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሁዻ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ በቃል መሐል ከላይ የምትሰቀል አንዲት ጭረት አለች፤ ሁዻ ይሏታል። «ዛሬ» ለማለት «ሃርአ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያስገባት አይጽፍም። ይህች ጭረት ደግሞ በዳታቤዝ ቋንቋ «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ማለት ናት። እንግዲህ አንድ የጉደር ሰው አስተያየት መስጫው ላይ በቋንቋው «ዛሬ መጥተን ደስ ብሎን ተመለስን» ብሎ ጻፈ እንበል። ጀማሪዋ ከሰው የመጣውን ጽሑፍ በቀጥታ ከትእዛዙ ጋር ቀጥላው ከሆነ፣ ዳታቤዙ ጭረቷ ላይ ሲደርስ ያለቀ መስሎት ይደናበራል፣ ሰውየውም ፊት የእንግሊዝኛ ስድብ የመሰለ ስሕተት ይዘረግፋል። ሰውየው ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ይሄዳል። ጥፋቱ ግን የኮዱ ነው። ነገሩ ከትሕትና ጉድለትም ያልፋል፤ የሁዻ ቃል የሚሰናከልበት ያው ቀዳዳ ሌባ ሆን ብሎ ትእዛዝ አስርጎ የሚገባበት ነው። መፍትሔው ትእዛዙንና የሰውየውን ጽሑፍ ለየብቻ መላክ ነው፤ ፕሪፔርድ ስቴትመንት ይሉታል፣ ፒኤችፒ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በምዕራብ ሸዋ ዌብሳይት የሚሠራ ሁሉ ገጹን ሲፈትሽ መጀመሪያ ሁዻ ያለበት ቃል ያስገባ። ከማንኛውም መጽሐፍ ልምምድ ይህ ይበልጣል።

የመጨረሻው ቁልፍ «ላክ» ይላል። ስትነኩት «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ይላችኋል። የትም አልደረሰም። ቴምፕሌቱ ሲሠራ የተጻፈ ምስጋና ነው፣ ኋላው ባዶ ነው። ይህን የምታውቁት መልስ ጠብቃችሁ ስታጡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ትናንት በፎርሙ ጽፌልሽ ነበር፣ ደረሰሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ፎርሙ እስኪስተካከል በጣት ሲነካ የሚደውል ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ሊንክ ይበቃታል። ማረፊያ ፈላጊው ሀበሻ ለነገሩ ኢሜይል ከሚጽፍ መደወል ይቀለዋል።

አያችሁ፣ አንድ ሰው በተቀመጠበት ይህን ሁሉ ያገኛል። ግን ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትጻፉላት። አሥራ አምስት ስሕተት ተደርድሮ የደረሰው ጀማሪ ላፕቶፑን ይዘጋል። እንግዳው ክፍል እንዳይዝ የሚከለክለውን አንዱን አስቀድሙ፤ የመስመር ክፍተቱ ለሌላ ቀን ይቆያል። በአምስት መቶ ሰው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም አታውሩት፣ በግል ላኩላት። የሠራላችሁንም ንገሯት፤ ለማባበል ብላችሁ ሳይሆን ስታርም እንዳታፈርሰው። «የክፍሎቹ ዝርዝር ከላይ መቀመጡ ጥሩ ነው፣ ከዚያ አታንሺው» የሚል ሙገሳ ሥራ ላይ ይውላል።

ለሠሪዎቹም አንድ ነገር ልበል። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አሪፍ ነው» ትባላላችሁ፤ የጥያቄው ደመወዝ ይኸው ነው። ይልቅ ሥራ ስጡ። ስልኩን ለአክስታችሁ አቀብሏቸውና «አዴ፣ ለቅዳሜ ለሁለት ሰው ክፍል ይያዙልኝ እስቲ» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ከኮዱ ይከብዳል! ጣታቸው ቁልፉ አጠገብ ሲያንዣብብ «እሱን ይንኩት እንጂ!» ልትሉ ከንፈራችሁ ይንቀጠቀጣል። አትበሉ። ነገ ገጹን የሚከፍተው ሰው አጠገብ እናንተ አትኖሩም። ዴንማርካዊው ጄከብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አምስት ሰው ሲጠቀም ቁጭ ብሎ ያየ ሠሪ ከችግሮቹ ሰማንያ አምስት በመቶ የሚሆኑትን ያገኛል። አምስት ሰው ማለት አንድ የቡና ሥርዓት ነው፤ ቡና ጠጪ ደግሞ በአምቦም በሆለታም ሞልቷል። አቦሉ ሲወርድ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፣ እስከ በረካ የሚጻፍ ነገር አታጡም። ጎረቤት ደግሞ ለመምህር የማይናገረውን ይናገራል፦ «ይኼ ነገር ይነካል እንዴ? እኔ ሥዕል መስሎኝ።»

በቅኔ ቤት እኮ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ሳያቀርብ፣ ሳይታረም፣ ማኅሌት ላይ አያወጣም። አምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቷል። መድረክ ምን ዓይነት አራሚ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ተመልካች ሲያዛጋ የትኛው ቦታ ላይ እንዳዛጋ ከመድረክ ሆኖ ይታያል። የዌብሳይት ተመልካች ግን ሲያዛጋ አይታይም፣ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው የሚያስፈልገው።

እናም ሰኔ ሲቃረብ አንድ ተማሪ የፕሮጀክቱን ሊንክ ከላከላችሁ በስልካችሁ ክፈቱት፣ እንደ እንግዳ ክፍል ለመያዝ ሞክሩ፣ ስማችሁን ሙሉ፣ ቁጥሩን ነክታችሁ ደውሉ። የቆማችሁበትን ቦታ ስክሪንሾት አንሥታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላኩለት። ዛሬ ማታ ላኩት፤ ዲፌንሱ ነገ ሊሆን ይችላል።